በጭላሎ ሥር ራዲዮ የሰማ ሰው ምን ሰማ?

ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ሲወስድ፣ አሰላ አጠገብ አንድ የሰባት ዓመት የገበሬ ልጅ ከአባቱ ተደብቆ ውድድሩን በቤቱ ራዲዮ ይከታተል ነበር። ልጁ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። አድጎ ራሱ ደጋግሞ ስለተናገረው ታሪኩን ዛሬ የማያውቀው የለም። የሚነሳው ግን ሁልጊዜ «አርሲ ለምን ሯጭ አፈራ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። የደጋው አየር፣ ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ የሚገፋው መንገድ፣ የኑሮው ክብደት ይጠቀስና በመጨረሻ ራዲዮኑ ይጨመራል፤ ተጨምሮም ይታለፋል። እዚያው ራዲዮኑ ላይ መቆየት ያስፈልጋል ባይ ነኝ። በዚያ ዘመን በጭላሎ ተራራ ሥር ራዲዮ ከፍቶ አንድን ሩጫ ከመነሻ እስከ መድረሻ መከታተል ቀላል ነገር አልነበረምና። ዘገባው የሚተላለፈው በአማርኛ ነው፤ የአገሩ ገበሬ አብዛኛው በቤቱ የሚነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ድምፁ ይመጣል ይሄዳል። የባትሪ ድንጋዩ ያልቃል። ይህ ሁሉ እያለ ሩጫው ተሰማ፤ ገባም። እንዴት? መልሱ ያለው አእምሮ ንግግርን በሚቀበልበት መንገድ ውስጥ ይመስለኛል። የሩጫ ዘገባ የአድማጩን ትውስታ እምብዛም የማይጫን፣ ትኩረቱንም ወደ ጥቂት ነጥቦች የሚሰበስብ ልዩ የንግግር ዓይነት ነው። ዜናውና የእርሻ ትምህርቱ በዚያው ራዲዮ፣ በዚያው ቋንቋ ቢነገሩም ይህ ዕድል አልነበራቸውም።

የቋንቋውን ነገር አስቀድሞ ማስቀመጥ ይገባል። ራዲዮ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከጣልያን ወረራ በፊት በአቃቂ ጣቢያ ነው፤ ወደ ገጠር ቤት የዘለቀው ግን በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ትራንዚስተር ከመጣ በኋላ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ ብሎ ደነገገ፤ ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና የመንግሥቱ ራዲዮም በዚያው መንገድ ሄዱ። በ1950ዎቹ የሞቃዲሾ ራዲዮ በአፋን ኦሮሞ ማስተላለፍ ሲጀምር በባሌና በአርሲ ጆሮ ያገኘው በፖለቲካው ብቻ አልነበረም። ከዚያ ሣጥን ውስጥ የእናት ቋንቋ መውጣቱ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። በአገር ውስጥ አፋን ኦሮሞ በራዲዮ ደህና ቦታ ያገኘው ከአብዮቱ ወዲህ ነው። የስፖርቱ የቀጥታ ዘገባ ግን ያን ጊዜም የአማርኛ ሥራ ሆኖ ቀጠለ። ሰለሞን ተሰማንና ደምሴ ዳምጤን የመሰሉ ስመ ጥር ዘጋቢዎች ስማቸውን የተከሉት በዚህ ቋንቋ ነው። እንግዲህ የአርሲ ገጠር አድማጭ ስንል በብዛት የምናወራው በሁለተኛ ቋንቋው ስለሚያዳምጥ ሰው ነው። የአሰላ ከተማ ነዋሪ ሌላ ነው፤ እሱ አማርኛውን በገበያና በመሥሪያ ቤት ስለሚጠቀምበት የእሱን ጉዳይ ለጊዜው ልተወው።

ከትኩረት እንጀምር። ብሪታንያዊው ኮሊን ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት ለአንድ ሰው በሁለት ጆሮው ሁለት የተለያዩ ንግግሮች እያሰማ፣ አንዱን እየተከተለ ጮክ ብሎ እንዲደግም ያደርገው ነበር። በኋላ ስለ ሌላኛው ጆሮ ሲጠየቅ፣ የወንድ ይሁን የሴት ድምፅ መለየት ይችላል፤ ምን እንደተባለ ግን አያውቅም። ንግግሩ መሐል ላይ ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ሲቀየር እንኳ ያላስተዋሉ ነበሩ። ጆሮ ክፍት መሆኑ ብቻውን እንግዲህ ምንም ዋስትና አይሰጥም። የዛሬ አድማጭ ራዲዮ ከፍቶ ሽንኩርት ይከትፋል፣ መኪና ይነዳል፣ ስልክ ያወራል። በ1960ዎቹና 70ዎቹ በአርሲ ገጠር ይህ አይቻልም ነበር፤ ምክንያቱም ድንጋይ በገንዘብ የሚገዛ ነው፣ ገንዘብ ደግሞ ስንዴው ወይም ገብሱ እስኪሸጥ ድረስ የለም። የደከመ ድንጋይ ከራዲዮኑ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ተመልሶ ይገባል። በዚህ ዓይነት ቤት ራዲዮ የሚከፈተው ለአንድ ጉዳይ ነው፣ ጉዳዩ ሲያልቅም ይዘጋል። አባቱ ልጁ ራዲዮኑን እንዳይነካ መከልከሉን የአባት ጭካኔ አድርገው የሚያወሩት አሉ፤ በቤቱ ሒሳብ ሲታይ ግን ክልከላው ትክክል ነበር። ሳይታሰብ የተገኘው ውጤት፣ ያን ሁሉ ተጠንቅቆ ራዲዮ የከፈተ ሰው በሙሉ ልቡ ማዳመጡ ነው። ተደብቆ የከፈተውማ የባሰ ነው።

ሙሉ ልብ ግን የሚቆራረጥ ድምፅን አይቀጥልም። አጭር ሞገድ በሰማዩ የላይኛው ንብርብር ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ አንዳንዴ ከሌላ ጣቢያ ጋር ይደባለቃል። በሁለተኛ ቋንቋ የሚያዳምጥ ሰው በጫጫታ መሐል ከአፍ መፍቻ ተናጋሪው የበለጠ እንደሚቸገር በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው፤ አንዱ የጎደለ ቃል ሌላውን ይዞበት ይጠፋል። እዚህ ላይ ጆርጅ ሚለርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1951 በሃርቫርድ ያገኙት ውጤት ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። በጫጫታ ውስጥ አንድ ቃል መያዝ አለመያዙን የሚወስነው የድምፁ ጥራት ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ቦታ ሊመጡ የሚችሉት ቃላት ብዛት ነው። ከአሥር አኃዞች አንዱ እንደሚነገር የሚያውቅ ሰው፣ ከቋንቋው ቃላት ሁሉ የትኛው እንደሚመጣ ከማያውቀው ሰው እጅግ በባሰ ጫጫታ ውስጥ ይሰማል። አማራጩ ሲጠብ ጆሮ ይሰላል ማለት ነው። ይህን ይዘን ወደ ሞስኮ ስንሄድ ሩጫው ለምን እንደተሰማ ግማሹ ይገለጥልናል።

10,000 ሜትር 25 ዙር ነው። በዚያ ቀን ከሌሎቹ ተነጥለው የጨረሱት አምስት ሰዎች ናቸው፦ ምሩፅ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድር፣ ቶሎሳ ቆቱ፣ ከፊንላንድ ደግሞ ካርሎ ማኒንካና ላሴ ቪረን። ከምሩፅ 27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ እስከ አምስተኛው ቪረን ድረስ ያለው ልዩነት ስምንት ሰከንድ አይሞላም። ሰው በአንድ ጊዜ በአጭር ጊዜ ትውስታው ሊይዘው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው፤ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት ገደማ ብሎ ገመተው፣ ኔልሰን ኮዋን በ2001 ወደ አራት አወረደው። አምስት ሯጭ እንግዲህ ያለ ወረቀትና ያለ ምስል በአእምሮ ተሸክመው ሊዞሩት የሚቻል፣ ግን ጫፉ ላይ ያለ ሸክም ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ስም ደግሞ የቤት ስም ነው። መሐመድ የሚባል በየመንደሩ አለ፤ ቶሎሳ የኦሮሞ ስም ነው፤ ምሩፅም በ1972 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ራዲዮ ለሚሰማ ሰው እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1959 ኔቪል ሞሬይ የቼሪን ሙከራ ሲያስፋፋ ካልተከተሉት ንግግር ውስጥ ጥሶ የሚገባው የራስ ስም መሆኑን አሳይቷል። የአገር ልጅ ስም የራስ ስም ባይሆንም ከማኒንካ ይልቅ ለዚያ የቀረበ ነው። ዘጋቢው የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢሸሽ፣ አድማጩ ከአምስት ስሞች የትኛው አሁን ከፊት እንደተጠራ ብቻ መለየት ይበቃዋል። በሁለተኛ ቋንቋ የሚሰማም ቢሆን ይህ ከአቅሙ በላይ አይደለም።

ሌላው ግማሽ በዘጋቢው አፍ ውስጥ ነው። የኒው ዚላንዱ የቋንቋ ምሁር ኩንራድ ኩይፐር የፈረስ እሽቅድምድም ዘጋቢዎችንና የጨረታ አጫራቾችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መጽሐፍ አንድ የሚገርም ነገር አሳይቷል። የማየት፣ የማስታወስና የመናገር ጫና በአንድ ጊዜ የተደራረበበት ተናጋሪ አዲስ ዓረፍተ ነገር አይፈጥርም። የተዘጋጁ ሐረጎችን ይይዛል፣ ቅደም ተከተላቸውንም ያውቃል፣ የሚለዋውጠው ስሙንና ቦታውን ብቻ ነው። የእኛም የሩጫ ዘገባ እንዲሁ ነው፦ እገሌ እየመራ ነው፣ እገሌ ከኋላው ይከተላል፣ ይህን ያህል ዙር ቀርቷል፣ አሁን ደወሉ ተደወለ። አልበርት ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ባልካን አዝማሪዎች ሲጽፍ በሺህ የሚቆጠር ስንኝ የሚወርደው በዚሁ ዘዴ መሆኑን ገልጾ ነበር። ኩይፐርና ሎርድ በዋነኛነት ያዩት ተናጋሪውን ነው፤ እኔ የምጨምረው ትርፉ የአድማጩም መሆኑን ነው። ሐረጉ ለአሥረኛ ጊዜ ሲመጣ የአማርኛ ጀማሪም ቢሆን አያዳምጠውም፤ ያርፍበታል። ባረፈበት ቅጽበትም ያለፈውን ዙር ያደራጃል፣ ለሚመጣው ስም ይዘጋጃል። በዚሁ በሞስኮው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1980፣ ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ በካሊፎርኒያ ያወጡት ጥናት አእምሮ የሚመጣውን እየጠበቀ እንደሚረዳ በኤሌክትሪክ ምልክት አሳይቶ ነበር፤ ከዓረፍተ ነገሩ ስሜት ጋር የማይሄድ ቃል ሲገጥም ከ400 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ልዩ ምላሽ ይታያል። የእነሱ ሙከራ በንባብ ነበር፤ ሌሎች በኋላ በንግግርም አግኝተውታል። በሩጫ ዘገባ ማዕቀፉ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ የአእምሮ ኃይል የሚፈሰው በአንዲት ያልታወቀች ቦታ ላይ፣ በስሙ ላይ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ የቆየው ትውስታ አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆርጅ ስፒሊችና ባልደረቦቹ ቤዝቦል በሚባለው የአሜሪካኖች ጨዋታ ላይ ጥናት አደረጉ። ጨዋታውን ጠንቅቀው ለሚያውቁና ለማያውቁ ሰዎች አንድ ዓይነት የጨዋታ ትረካ አቀረቡ። የሚያውቁት ጨዋታውን የሚወስኑትን ክንውኖች አያይዘው አስታወሱ፤ የማያውቁት የያዙት ለጨዋታው የማይረባውን ነው። ልዩነቱን ያመጣው የቋንቋ ችሎታ ሳይሆን ስለ ጉዳዩ ያለ ዕውቀት ነው። አሁን የአርሲውን አድማጭ እዩት። ምሩፅ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ እንዳገኘ፣ ያን ወርቅ ወድቆ ተነስቶ የወሰደው ይኸው ቪረን እንደነበር፣ በ1968 ኢትዮጵያ ሞንትሪያል ሳትገባ እንደቀረች የሚያውቅ ሰው፣ «ቪረን አለ» የምትል ሁለት ቃል ስትነገረው የስምንት ዓመት ታሪክ ይመጣለታል። ይህን የማያውቀው የሰባት ዓመት ልጅም ቢሆን ባዶውን አልነበረም። ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ከፊት ያለው ሰው ድንገት ሲፈተለክ፣ ሊደርሱበት ሲሉ እግር ሲዝል ምን ማለት እንደሆነ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በየቀኑ የሚሮጥ ልጅ ያውቃል። ምሩፅ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲቀር ተፈትልኮ ሲወጣ፣ «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘውን ያን ፍጥነት ለማወቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም ነበር።

በዚያው ሣጥን ውስጥ የሚነገረው ሌላው ነገርስ? አዋጁ፣ ዜናው፣ የእርሻ ምክሩ በረጅም ዓረፍተ ነገር የተሰደረ፣ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያመጣ የጽሕፈት አማርኛ ነው። ከወረቀት ይነበባል፤ አንባቢው አይኑ እያየ የሚያወጣውን አድማጩ በትውስታው ብቻ ይዞ ግሡ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት። ስሞቹ የመሥሪያ ቤት ስሞች ናቸው፣ ነገሩ አይደገምም፣ ሊመጣ የሚችለውም ቃል ወሰን የለውም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ለገበሬው ሊያስረዳ ሲነሳ በንግግር ብቻ አልተማመነም። የማሳያ ማሳ አዘጋጀ፣ ሞዴል ገበሬዎች መረጠ፣ ሰው መጥቶ በዓይኑ እንዲያይ አደረገ። ለዚህ ሌሎች ምክንያቶች እንደነበሩት አልክድም፤ ገበሬ ያላየውን አያምንም፣ ማመኑም አይጠበቅበትም። ግን የማሳያ ማሳ ለገበሬው የሚሰጠው፣ ስፒሊች በሙከራው ያገኘውን ነገር ነው። አንዴ የማዳበሪያውን ስንዴ ያየ ሰው በኋላ ስለ ማዳበሪያ የሚነገረውን ለመያዝ የሚያስችል መንጠቆ አለው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ሰው መጀመሪያ የሚለው፣ አድማጩ ነገሩን አልተረዳም፣ የዘጋቢው ጩኸት ብቻ ነው ያስፈነጠዘው የሚል ነው። ድምፅ ሲግል ልብ እንደሚሞቅ እውነት ነው። ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ስትወስድ የነበረውን የዘገባ ድምፅ የሚያስታውስ ሁሉ ይህን አይክድም። ነገር ግን ጩኸት የሚነግርህ አንድ ነገር መሆኑን ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ አይነግርህም። በሩጫ ደግሞ የኛ ሰው ሲወጣም የኛ ሰው ሲያዝም ዘጋቢ ይጮኻል። ያንን የሚለየው ስሙና ግሡ ነው፤ ጥቂት ቢሆኑም የቋንቋ ሥራ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ማስረጃህ አንድ ዝነኛ ሰው ስለ ልጅነቱ የተናገረው ነው፣ ትውስታ ደግሞ ያታልላል ይላል። ያታልላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኡልሪክ ናይሰር በፐርል ሃርበር ጥቃት ቀን በራዲዮ ቤዝቦል እየሰማ እንደነበር ለዓመታት እርግጠኛ ሆኖ ኖሯል፤ ኋላ ግን በታኅሣሥ ቤዝቦል እንደማይጫወቱ ራሱ አስተዋለ፣ እ.ኤ.አ. በ1982ም ጻፈው። ሌሎች ተከታትለው ሲያጣሩ፣ በዚያ ቀን በራዲዮ የተላለፈው ሌላ ጨዋታ ነበር፤ የተጋጣሚዎቹ ስም ግን ከቤዝቦል ቡድኖች ስም ጋር አንድ ነበር። ይህ ታሪክ የእኔን ክርክር ያፈርሳል ብሎ የሚያመጣው ሰው መጨረሻውን ልብ አላለም። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ሳይጠፉ የቀሩት ስሞቹ ናቸው። ለማንኛውም ክርክሩ በኃይሌ ትውስታ ላይ አልቆመም። የቆመው በሩጫው አምስት ስሞችና በ25 ዙሮቹ፣ በዘገባው ሐረጎች፣ በድንጋዩ ዋጋ ላይ ነው፤ እነዚህ ማንም ባያስታውሳቸውም የነበሩ ናቸው።

ሦስተኛ፣ የአርሲ ሰው ቀድሞውኑ የቃል ባህል ልጅ ስለሆነ ጥሩ አድማጭና ጥሩ አስታዋሽ ነው የሚል የምስጋና መሰል አስተያየት አለ። አርሲዎች ሲኮና መንዶ ከሚባሉት ሁለት ትልልቅ ክፍሎች ጀምረው የትውልድ ሐረጋቸውን ብዙ ትውልድ ወደ ኋላ እንደሚቆጥሩ የታወቀ ነው፤ አባስ ሐጂን የመሳሰሉ የታሪክ ጸሐፊዎችም የአርሲን የመቶ ዓመት ታሪክ ሲጽፉ ከዚሁ የቃል ምንጭ ቀድተዋል። ነገር ግን የትውልድ ሐረግ የሚቆጥር ሰው አእምሮው ከሌላው የሰፋ ስለሆነ አይደለም የሚችለው፤ ሐረጉ በቅደም ተከተል የተሠራ፣ የሚደጋገም፣ የራሱ ወገን ስለሆነ ነው። ያው ሰው በማያውቀው ቋንቋ የተነበበ አዋጅ ሲሰማ እንደማንኛችንም ይጠፋበታል። የ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህን ዘግይቶም ቢሆን ተቀብሎ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ማስተማሩ ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የምስል ነው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ስታሸንፍ ከተሜው በቴሌቪዥን ያያት ነበር፤ ገጠሩ መብራት ስላልነበረው በራዲዮ ቆየ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ ሲቀድም ያ ልዩነት የአንዳቸውን ስም ለመጥራት ከሚወስደው ጊዜ ያነሰ ነበር፤ ያን ለማየት ዓይን እንጂ ጆሮ አይበቃም። የራዲዮው ጆሮ ግን ታሪክ ሆኖ ሊጻፍ ይገባዋል። በ1972 ዓ.ም. አሥራ አምስት ዓመት የሞላው እረኛ ዛሬ ስልሳን ተሻግሯል። አሰላ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የቋንቋም የታሪክም ተማሪዎች አሏት። ከሄጦሳ እስከ ሌሙና ቢልቢሎ ያሉትን ሽማግሌዎች በአፋን ኦሮሞ ጠይቀው መቅዳት ይችላሉ፦ በዚያ ቀን ራዲዮኑ የማን ነበር፣ ከሰሙት አማርኛ የትኛው ቃል ቀረ፣ ላልገባው የሚተረጉም በቤቱ ማን ነበር፣ ሩጫው ሲያልቅና ዜናው ሲጀምርስ ራዲዮኑ ተዘጋ ወይስ ቆየ? የመጨረሻውን ጥያቄ እንዳይረሱት አደራ።